ልሙጥ ወይስ ጥርሳም?

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም፤ ባሌ እትዬ ስለሚላት ግን እኔም እትዬ አልኳት፣ ልጆቼም ተከተሉኝ፣ በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብሏት ቀረ። የፎቶ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው "ጥርሳሟ" የሚሏት። ይህን ስም የሰማ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው አፏን ነው። የእሷ ጥርስ ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል፣ ስትስቅ እንኳ ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ስሙ የወጣላት በአፏ ሳይሆን በእጇ ሥራ ነው።

ዛሬ ፎቶ ከማሽን ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ጭራሽ አይወጣም፣ ስልክ ውስጥ እንደገባ ይቀራል። ያኔ ግን ፎቶ ዙሪያውን ነጭ ኅዳግ ነበረው፤ የኅዳጉም ጫፍ እንደ መጋዝ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ ይዞር ነበር። እንዲህ ያለው ጠርዝ ነው ጥርሳም የሚባለው። መጋዝ ጥርሳም ነው፣ የዳቦ ቢላዋ ጥርሳም ነው፣ ጣታችሁን ስታሳልፉበት ሸከር ሸከር የሚል ጥርሳም ቅጠልም አለ። እነዚያ ሥራ ስላለባቸው ነው ጥርስ ያበቀሉት፤ የፎቶው ግን ለጌጥ ነው ይባል ነበር። እትዬ በዚህ አትስማማም።

"ሰው ጥርስ ሲሉት የሚታየው መናከስ ብቻ ነው" ትላለች። "ዚፕስ ጥርሳም አይደለም እንዴ? እስቲ ማንን ነከሰ?"

"ወንድምሽን ነክሶታል" አልኳት አንድ ቀን። ሳቋን ለማቆም ውኃ መጠጣት ነበረባት።

ፎቶ ቤቱ እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነበር። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ የፎቶ መነሻው ክፍል። እዚያ ግድግዳው ላይ ሐይቅና ደረጃ የተሳለበት ጨርቅ ተወጥሯል፤ ደረጃው የትም አይደርስም፣ ሐይቁም አንድ ጥጉ ላይ ቀለሙ ለቆ ጨርቁ ይታያል። ቢሆንም የሰፈሩ ሰው በሙሉ በዚያ ሐይቅ ዳር ቆሞ ያውቃል። ከዚያ በስተኋላ ጨለማው ክፍል አለ። በሁለቱ መካከል፣ ጓሮውን በምታሳይ ትንሽ መስኮት ሥር የእትዬ ጠረጴዛ ነበር። የመንገዱ መስታወት ላይ "ጉርድ፣ ሙሉ፣ ልሙጥ፣ ጥርሳም" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ ያነበብኩት ጽሑፍም ያ ነው። ቆሜ ፊደል በፊደል ስለቅም እትዬ ከውስጥ አየችኝና ወጣች።

"አንቺ፣ ልትገቢ ነው ወይስ መስታወቱን ልትበይው?"

"ጥር... ሳ... ም" አልኳት።

እጄን ይዛ አስገባችኝ። የዚያን ቀን ነው መቁረጫዋን በደንብ ያየሁት። ሰፊ የእንጨት ገበታ ነው፤ በአንድ ወገኑ ረጅም የብረት ክንድ አለው፣ ክንዱ ሥር ደግሞ ጥርሳሙ ስለት። ፎቶውን ታስጠጋለች፣ በአንድ ዓይኗ ታያለች፣ ክንዱን ትጫናለች። ክርችም! ስኳር በመንጋጋ ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ቀጭን ነጭ ቅንጣቢ ወደ ጎን ይወድቃል። ልጆች ያንን ቅንጣቢ ለአሻንጉሊቶቻቸው አክሊል ያደርጉት ነበር።

ፎቶ አንሺው "ጋሼ አትተንፍሱ" ይባሉ ነበር። ሰውን ሐይቁ ዳር ካቆሙ በኋላ፣ ራሳቸውን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት "አትተንፍሱ!" ብለው ስለሚጮኹ ነው። አንድ ወፍራም ነጋዴ ጋሼ ፊልም ሲቀይሩ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ይባላል። ጋሼ ግን ለእትዬ ሥራ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ጠርዝ ላይ ግማሽ ነገር አይቅር። ግማሽ ውሻ፣ የመንገደኛ ክርን፣ የሌላ ሰው የቀሚስ ጫፍ ከገባ ይቆረጣል። "ግማሽ ሰው ከሚገባ ሙሉው ይውጣ" ይሉ ነበር። እትዬም ለዓመታት የሰዎችን ዳር ስትቆርጥ ኖረች።

ጨለማው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼ አውቃለሁ። ቀይ መብራት አለው፤ ሰው እዚያ ውስጥ ሲገባ እጁ እንኳ የራሱ አይመስለውም። መድኃኒት በገባበት ውኃ ውስጥ ነጭ ወረቀት ተኝቷል። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ፀጉር ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው ቀስ ብሎ ይገለጣል።

"እትዬ" አልኳት በሹክሹክታ፣ "ይተነፍሳል እንዴ?"

"ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሺው።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያንን ውኃ በሕልሜ አይቼዋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ከታች ወደ ላይ ይመጣሉ፣ ያዩኛል፣ ምንም አይናገሩም።

ከፎቶ ሁሉ የሚያስቸግረው የሕፃን ፎቶ ነበር። ገና ሊቆም ያልቻለ ልጅ ወንበር ላይ ብቻውን ቆሞ እንዲታይ ቤተሰብ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን፣ ከፎቶው ውጭ ተንበርክኮ፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ ልጁን በብብቱ ሥር ይደግፋል። አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። እጇ ግን መግባቱ አይቀርም። ጋሼ ፎቶውን አጥበው ሲያመጡት "እጁን አውጪው" ይላሉ፤ እትዬ አስጠግታ፣ አስጠግታ፣ ክርችም ታደርገዋለች። ልጁ ብቻውን ይቆማል። ቤተሰብ ይደሰታል። አንዳንዴ ስለቱ ከልጁ ገላ እንዳይደርስ ስትሰጋ ሁለት ሦስት የጣት ጫፎች ልብሱ ላይ ይቀራሉ፤ እነሱን ማንም ልብ አይላቸውም።

ይህ ሁሉ አለፈ። ጋሼ አረፉ፣ ፎቶ ቤቱ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነ። ኔጌቲቮቹን እርጥበት በልቷቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ስለነበር ወራሾቹ ጠርገው ጣሏቸው። እትዬ የራሷን ወንበር ብቻ ተሸክማ ወጣች። ወደ እኛ ቤት ከመጣች ወዲህ በረንዳ ላይ ያንን ወንበር ፀሐይ እየተከተለች ታዞረዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት በሩ ላይ ቆመች።

"እንደምን ዋላችሁ። ጥርሳሟ የሚባሉት እዚህ ናቸው?"

ዓይኗ ከእኔ አፍ ወደ እትዬ አፍ ሄደ።

"አፏን አትይ፣ እሷው ናት" አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። "ይቅርታ እማማ፣ ሌላ ስም አልነገሩኝም።"

"ምንም አይደል፣ ግቢ" አለች እትዬ። "ይሄ ስም ከጋሼ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር።"

አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። ከትከሻ ቦርሳዋ የትኬት መያዣዋን አወጣችና ከውስጡ አንድ ፎቶ መዘዘች። ሕፃን ልጅ ናት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች፣ ከኋላዋ ሐይቁ አለ። አፏን በሰፊው ከፍታ ትስቃለች፤ ከታች ሁለት ጥርስ ብቻ።

"ይቺ ደግሞ ከእኔ የባሰች ጥርሳም" አለች እትዬ።

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ጣቷን በስተግራ፣ በሕፃኗ ብብት ሥር አሳረፈች። ሦስት የጣት ጫፎች አሉ፤ ከዚያ ጥርሳሙ ጠርዝ ይጀምራል። "ይሄ ደግሞ የእናቴ እጅ ነው።"

እትዬ ፎቶውን እንደ ልማዷ በጠርዙ ያዘች።

"ያሳደገችኝ አክስቴ ናት" አለች ልጅቷ። "እናቴ ብቻዋን ወስዳ ነው ያስነሳችኝ አለችኝ። አባቴ አገር ውስጥ አልነበረም፣ አክስቴ ሥራ ላይ ነበረች። እናቴ ራሷ ፎቶ የላትም። አሟት ነበር፤ 'ትንሽ ፊቴ ይመለስና እነሳለሁ' ትል ነበር አሉ። ፊቷ ሳይመለስ ሄደች። አክስቴ ትንሽ ሆኜ ስለ እናቴ ስጠይቃት ይህን እየሰጠችኝ 'ይኸው፣ ይዛሻለች' ትለኝ ነበር። የማውቀው ይህን ጥፍር ነው። ቀሪዋን የት ጣሏት?"

ጥያቄው የክስ አልነበረም። የትኬት ቀሪ የምትጠይቅ ያህል ነው የጠየቀችው። እትዬ ግን ቀና ብላ አየቻት።

"እኔ እንደቆረጥኩ ማን ነገረሽ?"

"ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ይዤ ጎረቤቱን ስጠይቅ 'የምትቆርጠው ጥርሳሟ ነበረች፣ ምንም ነገር አትጥልም' አሉኝ። እኔም ቆራጭ ነኝ እማማ። የኛ ትኬት ዳሩ ጥርሳም ነው። ግማሹ ለተሳፋሪ፣ ቀሪው እኔ ጋ። አንዱ የወዳደቀ ትኬት አንስቶ 'የኔ ነው' ብሎ ሲከራከረኝ ከቀሪው ጋር አገጥመዋለሁ። የራሱ ካልሆነ አይገባም። እና... ምናልባት ቀሪው እርስዎ ጋ ካለ ብዬ ነው።"

እትዬ ተነሥታ ወደ በረንዳ ወጣች፣ የወንበሯን ትራስ ይዛ ተመለሰች።

ይህን ትራስ እኔ ሁሌ አውቀዋለሁ፤ ስትቀመጥበት ደረቅ ቅጠል እንደተረገጠ ይንኮሻኮሻል። ገለባ ይመስለኝ ነበር። እትዬ መቀስ ይዛ ስፌቱን ስትፈታ፣ አልጋዬ ላይ በዘረጋሁት አንሶላ ላይ የፈሰሰው ገለባ አልነበረም።

እጅ ነበር። ከላይ እስከ ታች እጅ። በቀጭን የፎቶ ቁራጭ ላይ ያለ እጅ፤ ጣቱ በጥርሳም ጠርዝ የተቆረጠ፣ አምባር ያለው፣ ቀለበት ያለው፣ እጅጌው በሊጥ የነጣ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ወፍራም፣ ገና ልጅነት ያልለቀቀው። ሁሉም ወደ አንድ ነገር ተዘርግተዋል፤ የተዘረጉለት ነገር ግን የለም። የከሰዓት በኋላው ብርሃን በመጋረጃው ሾልኮ ሲያርፍባቸው፣ ያ የሕልሜ ውኃ አልጋዬ ላይ የፈሰሰ መሰለኝ።

"እትዬ" አልኩ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን..."

"ነጩን ቅንጣቢ ለልጆች ሰጥቻለሁ" አለች። "እጅ ያለበትን ግን እንዴት ልስጥ? ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥለው እጅ ነው። እንዳላስቀምጠው ማን ይጠይቀኛል? ወንበሬ ደግሞ ይቆረቁረኝ ነበር።" ጋሼ ይህን አይተው "አንቺ ሴትዮ፣ የሰፈሩን እናት ሁሉ ተቀምጠሽባታል" ብለው ይስቁባት እንደነበር ነገረችን። ልጅቷ ሳቀች። እንባዋ ከሳቋ ጋር ወረደ፣ በደንብ ልብሷ እጅጌ ጠረገችው።

ሦስታችንም አልጋው ዙሪያ ተቀመጥን። መጀመሪያ በስተቀኝ የተቆረጡትን ለየን፤ እኛ የምንፈልገው የግራውን ነው። ከዚያ የወንድ እጅ የሚመስሉትን ወደ ጎን አደረግን። ሌላውን አንድ በአንድ ልጅቷ ከፎቶዋ ጋር ታስጠጋለች። የፎቶው ጥርስ የትኛው ላይ እንደሚጀምር፣ ማዕዘኑ ላይ የትኛው ጥርስ እንደተገመሰ እትዬ ታሳያታለች። ሁለቱ ቆራጮች ለጉድ ተግባቡ። አንዷ "ይሄ ወርዷል" ትላለች፣ ሌላዋ "ሥሩ አልሞላም" ትላለች። እኔ እጆቹን እያየሁ ባለቤቶቹን አስባለሁ። ይቺ ከገበያ ስትሮጥ መጥታለች። ይቺ ጥፍሯን ለዚህ ቀን ቀብታ ነበር፤ ማንም እንደማያየው አልነገሯትም።

አንዱ ልክ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ደህና እጅ ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም፣ አንጓው ላይ ቀጭን አምባር። ጣቶቹ ከፎቶው ጣቶች ጋር ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። ጥርሱ ብቻ ነው እርስ በርሱ የሚረጋገጠው። ልጅቷ ሌላ ቁልል ልታመጣ ዞር ስትል ወደ እትዬ ጠጋ አልኩ።

"ይሄ አይበቃትም? ዳሩን ትንሽ ብታስተካክዪው... የእናት እጅ የእናት እጅ ነው።"

እትዬ በመነጽሯ ላይ አየችኝ። "የማን እናት?"

ቁራጩን ወደ ጎን አደረግኩት።

ብርሃኑ ከአልጋው እግር ወደ ትራስጌው ሄደ። ልጅቷ የምታነሳቸውን ቁራጮች ቶሎ ቶሎ ትመልሳቸዋለች። የትራሱ ጨርቅ ባዶ ሲመስል እትዬ እጇን አስገብታ ጥጉን ዳበሰች። ከስፌቱ ጋር የተጣበቀ አንድ ሰፊ ቁራጭ ወጣ። ልጅቷ ተቀበለቻት፣ ፎቶዋን ጉልበቷ ላይ አስተኛች፣ ቁራጩን ከጎኑ ገፋ አደረገችው።

ገባ። ጥርሱ በጥርሱ መካከል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ውኃ የማያሳልፍ ሆኖ ገባ። ሐይቁ ከሐይቁ ጋር ቀጠለ። ጣቶቹ መዳፍ አገኙ፣ መዳፉ አንጓ አገኘ፣ አንጓው የጋውን እጅጌ።

ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች። ጋሼ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።

"ቀጭን ናት" አለች ቀስ ብላ። የራሷን እጅ ከጎኑ አስቀመጠች። "እዩት እማማ፣ ትንሿ ጣቷ ታጠፍ ብላለች። የኔም እንዲህ ነው። አይመስልም? ይመስላል!"

እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ፎቶው ውስጥ ያለው እጅ አንጓው ላይ ሰፊ ጥቁር ላስቲክ አለ፤ የተቆረጡ ፎቶዎች የሚታሰሩበት ዓይነት። እትዬ ሥራ ላይ እያለች ያንን ላስቲክ እንደ ሰዓት ታደርገው ነበር። ጡረታ ከወጣችም በኋላ አላወለቀችውም፤ ይኸው አሁንም፣ አልጋዬ ላይ ባረፈው እጇ ላይ አለ።

እትዬም አይታዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እግሬን ዘርግቼ እግሯን ረገጥኳት፤ ዝም በይ ማለቴ ነው። ልጅቷ ያንን ወረቀት ጉንጯ ላይ አስጠግታለች። ብትሄድ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ በዚያው ትኖራለች፣ ማን ይነግራታል? እኔ ዛሬም ቢሆን የረገጥኩት እግር አይቆጨኝም። እትዬ ግን እጅጌዋን ሰበሰበችና አንጓዋን ከፎቶው አጠገብ አደረገችው።

"ልጄ፣ እጁ የኔ ነው።"

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ላስቲኩን አየች። አንዴ ወደ ወረቀቱ፣ አንዴ ወደ ሕያዉ እጅ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች አለያየቻቸው።

"ለምን ነገሩኝ?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ዝም ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ልሙጥ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዋሽሽ ነበር" አለች እትዬ። "ማንኛውም እጅ ከማንኛውም ፎቶ ጎን ይተኛል፣ ማን ያውቃል እል ነበር። እንዲህ ጥርሱ ተናክሶ ሲገባ እያየሁ ግን አንደበቴ እሺ አላለኝም።"

"እንግዲያው እናቴ የለችም ማለት ነው። ጥፍሯም አልነበረም።" ፎቶውን ወደ ትኬት መያዣው መለሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ይዛሻለች የተባለችበትን እጅ እንዲህ በአንድ ከሰዓት ስታጣው ማየት እንዴት እንደሚያሳምም! ትራሱን መልሼ ልሰፋው፣ ይህን ቀን ልመልሰው ተመኘሁ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

"ቆይ" አለች እትዬ። "እስቲ ስጪኝ።"

"ምኑን?"

"ፎቶውን። ዳሩን አይደለም አሁን። አንቺን ልይሽ።"

ልጅቷ አመነታች፣ ከዚያ ሰጠቻት። እትዬ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

"ዕድሜ ልኬን ዳር ዳሩን ነው ያየሁት" አለች። "መሃሉ ሥራዬ አልነበረም። እናትሽ ብቻዋን ነው የወሰደችሽ ብለሻል፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ጋሼ ሕፃን ያለ እናቱ አያነሱም። እናት ሁለት ቦታ ብቻ ነበራት። የሚያለቅስ ልጅ ከሆነ እናት ከጎን ትይዘዋለች፣ የእጇ ሽታ እንዲያረጋጋው። ደፋር ልጅ ከሆነ እኔ እይዘዋለሁ፣ እናቱ ደግሞ ከካሜራው አጠገብ፣ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ወጥታ ታስቀዋለች። ሦስተኛ ቦታ አልነበረም። እኔ ከያዝኩሽ..." ጣቷን ከሕፃኗ ዓይን ላይ አሳረፈች። "ወዴት እያየሽ እንደሆነ እዪ።"

ሕፃኗ ወደ ካሜራው አላየችም። ከካሜራው ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ጎን ታያለች። ሁለት ጥርስ ያላት አፏ የተከፈተው፣ ዓይኖቿ የጠበቡት፣ ትንንሽ እጆቿ የተዘረጉት ወደዚያ ነው።

ልጅቷ ፎቶውን ተቀብላ ቆመች። ልጅ ሆና ሌሊት ሌሊት ከትራሷ ሥር ያደረገችውን፣ በየአውቶቡሱ ይዛው የዞረችውን ፎቶ ገና ዛሬ እንደተሰጣት ሰው ነበር የምታየው።

"አስታወስኳት ብዬ አልዋሽሽም" አለች እትዬ። "ፊቷ አልመጣልኝም፤ ብዙ እናት ነው ያየሁት። ቦታዋን ግን አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ያደረገችውን ሳስበው እስከ ዛሬ ሕልም ይመስለኛል። ወንበሯን ከበረንዳ አስገብታ ግድግዳው ጥግ አቆመችው። ፎቶውን ወስዳ መደገፊያው ላይ አስደግፋ አቆመችው። ከዚያ ያንን የታመመ ጉልበቷን እያቃሰተች አጠፈች፣ ከወንበሩ በስተግራ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ እጇን ዘረጋች።

"እትዬ፣ ማን ሊያነሳሽ ነው ኋላ?" አልኳት።

"አንቺ ዝም በይ፣ ካሜራ ነሽ። እዚያ ሁኚ፣ አትንቀሳቀሺ።"

ካሜራ ሆንኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

"አንቺ ደግሞ ከጎኗ" አለቻት ልጅቷን። "ጠጋ በይ። እናትሽ አጭር ነበረች ወይስ ረጅም?"

"አጭር፤ አክስቴ ትከሻ ድረስ ነበረች አሉ።"

"እንግዲያው ዱካው ላይ ውጪ።"

ልጅቷ የእግር መረገጫ ዱካዬን ስባ ወጣችበት። ቦርሳዋ ጆሮዬን ነካኝ። ወንበሩ ላይ ካለው ፎቶ ውስጥ ሕፃኗ ቀጥታ ወደ እሷ አየች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ሌላ ሰው አይደለም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሐይቅ የመሰለ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ይወዛወዛል፣ መጋረጃው ሲነካው ይሰበራል፣ መልሶ ይረጋጋል።

"ምን ነበር የምታደርገው?" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። "ለማሳቅ።"

"አላውቅም ልጄ። አንዳንዷ ታጨበጭባለች። አንዳንዷ ቁልፍ ታቅጨለጭላለች። የበግ ድምፅ የምታሰማም ነበረች። የናትሽን አላውቅም።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ምላሷን አጮኸች። ወንበሩ ላይ ያለችው ሳቀች፤ እርግጥ ነው ከዚያ በፊትም ትስቅ ነበር። አጨበጨበች። ቀጥሎ የትኬት መያዣዋን እንደ ከበሮ መታች፣ ጉንጮቿን ነፋች፣ ዓይኖቿን አዞረች፣ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ትልቅ ሴት ዱካ ላይ ቆማ እንደ ፍየል "ሜ!" አለች። እትዬ ወለሉ ላይ ሆና መሳቅ ጀመረች፣ የተዘረጋው እጇ ተንቀጠቀጠ።

"እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ ልጅቷ ትወድቃለች!" አልኳት ከካሜራነቴ ሳልወጣ።

ልጅቷም አፏን በሰፊው ከፍታ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ዓይኖቿ እንዴት እንደሚጠብቡ ያየሁት። ከዱካው አልወረደችም። የማታ ፈረቃ ካለሽ አውቶቡሱ ሊያልፍሽ ይችላል አልኳት፤ "ይለፍ" አለችና እንደገና "ሜ" አለች፣ አሁን ቀስ ብላ፣ የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ሁሉ።